በጊዜ የተወሰነ መብትን መልሶ ስለ መሸጥና ስለ ድለላ ዋጋ ድርድር
(በባሕር ዳር ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በሬ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠውን በእጁ ዳስሶ፣ በዐይኑ አይቶ ያውቀዋል፤ ገዢውም እንዲሁ። መብት የሚሸጥ ሰው ግን የሚሸጠው በወረቀት ላይ የሰፈረን ቃል ነው። በተለይም መብቱ በጊዜ የተወሰነ ሲሆን፣ ማለትም ለዚህን ያህል ዓመት ወይም በየዓመቱ ለዚህን ያህል ሳምንት ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ዋጋውን መገመት ያስቸግራል፤ ገዢውም በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ሻጭና ገዢ የሚያገናኛቸው ሦስተኛ ሰው ይሻሉ። ያ ሦስተኛ ሰው ደላላ ነው። ደላላ ያለ ዋጋ አይሠራም፤ ሊሠራም አይገባውም። ጥያቄው ዋጋው በምን ዐይነት ድርድር ይወሰን የሚለው ነው።

በገበያ ልማድ ይህ ድርድር የሚጀምረው «ስንት?» በሚል ቃል ነው። ሻጩ መቶኛውን ዝቅ ለማድረግ፣ ደላላው ከፍ ለማድረግ ይከራከራሉ፤ በአንድ መቶኛ ልዩነት ላይ ግማሽ ቀን ያጠፋሉ። ነገር ግን ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ ወገን አይደለም። «ስንት?» የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ከእርሱ በፊት ሊመለሱ የሚገባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ ክፍያው መቼ ይፈጸማል? ከምን ላይ ይሰላል? ደላላው የሚሠራው ለማን ነው? እነዚህን ሦስቱን ሳያስመልስ ስለ መቶኛ የሚከራከር ሻጭ በሩን ከፍቶ መስኮቱን እንደሚዘጋ ሰው ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ የሚሆነው በስሙ እንጂ በባሕርዩ አይደለም። በዕቁብ ውስጥ ዕጣ የወጣለት ሰው፣ ገንዘቡ ካላስቸኰለው፣ ዕጣውን ለቸገረው አባል የሚሸጥበት ልማድ አለ። የሚሸጠው ገንዘቡን አይደለም፤ ተራውን ነው፤ ማለትም ጊዜን ነው። ገዢውም ከሚደርሰው ገንዘብ ላይ የተስማሙበትን ያህል ቀንሶ ለሻጩ ይሰጠዋል። ይህ ግብይት በአብዛኛው ያለ ጠብ የሚያልቀው ስለ ምንድን ነው? በዕቁቡ ዳኛና በጸሐፊው ፊት ስለሚደረግ፣ የሚቀነሰው ገንዘብ አስቀድሞ ስለሚነገር፣ ክፍያውም ተራው ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈበት ሰዓት ስለሚፈጸም ነው። ሦስቱ ጥያቄዎች፣ ማንም ሳይጽፋቸው፣ በልማዱ ውስጥ ተመልሰዋል።

በውጭ አገር ታይምሼር የሚባለው ውል ከዚህ የሚለየው በስፋቱና በርቀቱ ነው። አንድን የመዝናኛ ቤት ብዙ ሰዎች ይካፈሉታል፤ እያንዳንዱም በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይገለገልበታል። ይህ አሠራር በአውሮፓ የተስፋፋው ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ ሀፒማግ የተባለው ድርጅት በ1963 እ.ኤ.አ. በስዊትዘርላንድ ተቋቋመ። በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባለሳምንቶች ሳምንታቸውን እርስ በርስ የሚለዋወጡበት አርሲአይ የተባለ ድርጅት በአሜሪካ ተመሠረተ። ውሉ ለብዙ ቤተሰብ የዕረፍት ምክንያት ሆኗል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ባለሳምንቱ ዋጋውን ከፍሎ ቢጨርስ እንኳ የቤቱን የእድሳትና የአስተዳደር መዋጮ በየዓመቱ መክፈል አለበት። ቢታመም፣ ቢያረጅ፣ መንገዱ ቢርቀው መዋጮው አይቆምለትም። መሸጥ የሚፈልገውም ብዙ ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው።

ሊሸጥ ሲወጣ ሁለተኛ ችግር ይገጥመዋል። መጀመሪያ የከፈለው ዋጋ ለማስታወቂያ፣ ለሽያጭ ሠራተኞችና ለድርጅቱ ትርፍ የወጣውን ሁሉ ይጨምር ነበር፤ ሁለተኛው ገዢ ግን ለዚያ ሁሉ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ መልሶ የሚሸጥ ሳምንት ከመጀመሪያው ዋጋው እጅግ ዝቅ ብሎ ይሸጣል። መዋጮው የከበደው፣ ገዢ ያጣ፣ የአገሩንም ሕግ የማያውቅ ሻጭ ለአታላይ የተመቸ ነው። አታላዩ በስልክ ይደውላል፤ «ገዢ አዘጋጅቻለሁ፤ የሚቀረው የመመዝገቢያና የግብር ገንዘብ አስቀድሞ መክፈል ብቻ ነው» ይላል። ገንዘቡ ይላካል፤ ከዚያ ሌላ ክፍያ ይጠየቃል፤ ገዢው ግን ቀድሞም አልነበረም። የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በ2024 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቁት ከ2019 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. በነበሩት ዓመታት በሜክሲኮ ከሚገኙ ታይምሼሮች ጋር በተያያዘ ማታለል ወደ 6,000 የሚጠጉ አሜሪካውያን 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደ ተወሰደባቸው አመልክተዋል። ከዚህ ማታለል በስተጀርባም የዕፅ ነጋዴዎች ቡድን እንዳለበት ተገልጿል።

ከዚህ ገንዘብ እጅግ የሚበዛው የጠፋው «ስንት?» በሚለው ጥያቄ ላይ በተሠራ ስሕተት አይደለም፤ «መቼ?» የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ በመቅረቱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን በሚገባ ተረድቶታል። ቍጥሩ 2008/122 የሆነው መመሪያ ታይምሼር ለገዛ ሰው ውሉን ያለ ምክንያት የሚተውበት 14 ቀን ሰጠው። መልሶ መሸጥን በሚመለከት ደግሞ ሽያጩ በእርግጥ ከመፈጸሙ ወይም የድለላ ውሉ ከመቋረጡ በፊት ደላላው ማናቸውንም ቅድሚያ ክፍያ ወይም ዋስትና እንዳይቀበል ከለከለ። መመሪያው መቶኛውን አልወሰነም፤ ሰዓቱን ወሰነ። ሕግ አውጪው የነገሩን ሥር የት እንደ ያዘው ልብ ይሏል።

ይህ ለጣና ዳር ሰው ምን ይጠቅመዋል ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ታይምሼርን በስም አያውቀውም። ሆኖም በጊዜ የተወሰነን መብት መልሶ መሸጥ በባሕር ዳር የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ከደነገገ ወዲህ፣ በከተማ ውስጥ «ቦታ ሸጥኩ» የሚል ሰው በእውነቱ የሸጠው የመጠቀም መብትን ነው። የሊዝ ሥርዓት ሲመጣ ይህ መብት በግልጽ በዓመት ተቈረጠ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 721 ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለንግድ 70 ዓመት መድቦ ነበር። ባለሊዙ እንደ ባለሳምንቱ ሁሉ ዓመታዊ ክፍያ አለበት፤ በጊዜው ካልገነባም ውሉ ሊቋረጥበት ይችላል። እንግዲህ የታይምሼር ሻጭን የሚያስጨንቀው ሁሉ የሊዝ ሻጭንም ያስጨንቀዋል።

በባሕር ዳር ይህ ጭንቀት የራሱ መልክ አለው። ከተማው ኑሮውን ከሐይቁና ከጎብኚው ጋር አያይዟል። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ እንዲህ ያለ ስፍራም በጥብቁ፣ በከለላውና በልማቱ ክልል ተከፋፍሎ የሚያዝ በመሆኑ፣ በዳርቻው ላይ የሚደረግ ግንባታ ሁሉ የትኛው ክልል ላይ እንደሚውል መጠየቅ ይኖርበታል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ የጎብኚውን እግር አሳጠረ። ለእንግዳ ማረፊያ ብሎ ቦታ የያዘ ሰው ግንባታውን ጀምሮ ቢያቆም፣ የሊዙ ክፍያ ግን ባይቆምለት፣ መሸጥን ያስባል። የሚሸጠውም ቸኵሎ ነው። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ቸኵሎ የሚሸጥ ሰው ከደላላ ጋር የሚዋዋለውን ቃል አይመረምርም።

እንግዲህ በሦስቱ ጥያቄዎች መሠረት ነገሩ በዝርዝር ይታይ።

የመጀመሪያው «መቼ?» የሚለው ነው። ደላላ ዋጋው የሚገባው በምን ጊዜ ነው? ገዢ ባገናኘ ጊዜ ነውን? ውል በተፈረመ ጊዜ ነውን? ወይስ ስም በተዛወረ ጊዜ? ደላላው የመጀመሪያውን፣ ሻጩ የመጨረሻውን ይመርጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ያለን የባለቤትነት መብት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። ስለዚህ በሻይ ቤት የተጨበጠ እጅ ለደላላው ዋጋ መነሻ ሊሆን አይገባውም። ሌላም ነገር አለ። በአንቀጽ 1962 መሠረት ገንዘብ ጠያቂ መብቱን ያለ ባለዕዳው ፈቃድ ለሌላ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ሕግ፣ ውሉ ወይም የጉዳዩ ባሕርይ ካልከለከለ በቀር። ግዴታን ማስተላለፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ተቀባዩ ወገን አዲሱን ባለዕዳ ካልተቀበለው የቀድሞው ከዕዳው አይወጣም። ሊዝም ታይምሼርም መብትና ዕዳ በአንድ ወረቀት ላይ የተጣመሩባቸው ውሎች ናቸው። ገዢው ገንዘቡን ቢከፍልም ከተማው ወይም የመዝናኛው አስተዳደር ዝውውሩን ካልመዘገበ ሻጩ ከዕዳው አልተላቀቀም። እንግዲህ ትክክለኛው ሰዓት ዝውውሩ የተመዘገበበት ሰዓት ነው። ደላላው ገንዘቡ እንዳይቀርበት የሚፈራ እንደ ሆነ፣ ሻጩ ዋጋውን በሲፒኦ አሠርቶ ሁለቱም በሚያምኑት ሰው እጅ በአደራ ያስቀምጥ፤ ስም በተዛወረ ዕለት ለደላላው ይሰጥ። ይህ የዕቁቡ ዳኛ ሥራ ነው እንጂ አዲስ ፈጠራ አይደለም።

ሁለተኛው «ከምን ላይ?» የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሚጐዳው በዚህ ነው። የ2004ቱ አዋጅ ባለሊዙ ግንባታውን ሳይጀምር ወይም ከግማሽ ሳያደርስ መብቱን ቢያስተላልፍ ከሽያጩ የሚቀርለትን በግልጽ ወስኖ ነበር፤ እስከዚያ የከፈለው የሊዝ ገንዘብ ከባንክ የተቀማጭ ወለድ ጋር፣ የሠራው ግንባታ ዋጋ፣ ከዚህም በላይ ከተላለፈበት የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ። ቀሪው ለመንግሥት የሚገባ ነበር። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው 300,000 ብር ሊዝ ከፍሎ፣ 200,000 ብር የሚያወጣ መሠረት ጥሎ፣ መብቱ በ3,000,000 ብር ተላለፈ እንበል። ወለዱን ትቶ የሚቀርለት 300,000 እና 200,000 ከ150,000 ጋር፣ በጠቅላላው 650,000 ብር ነው። ደላላው «ከዋጋው 3 በመቶ ብቻ» ብሎ ተዋውሎ ከሆነ 90,000 ብር ይወስዳል። 3 በመቶ የተባለው በሻጩ እጅ ከገባው ገንዘብ ወደ 14 በመቶ ሆነ፤ ከትርፉ ከ150,000 ብር ላይ ሲታይ ደግሞ 60 በመቶ ሆነ። ሻጩ በመቶኛው ተከራክሮ ከ4 ወደ 3 አውርዶት ሊሆን ይችላል፤ ደስም ብሎት ይሆናል። ነገር ግን በእጁ ባልገባ ገንዘብ ላይ ሲከፍል አላስተዋለም። የመቶኛ ሕጎች በየጊዜው ይሻሻላሉ፤ መርሑ ግን አይለወጥም፤ የድለላ ዋጋ መሰላት ያለበት ግብርና የመንግሥት ድርሻ ተቀንሶ በሻጩ እጅ ከሚገባው ላይ ነው።

በታይምሼርም ያው ነው። 20,000 ዶላር የተገዛ ሳምንት በ3,000 ዶላር ቢሸጥ፣ «ከመጀመሪያው ዋጋ 10 በመቶ» ብሎ የተዋዋለ ሻጭ 2,000 ዶላር ለደላላ ሰጥቶ ለራሱ 1,000 ይቀረዋል። «ከመሸጫው ዋጋ 10 በመቶ» ቢል ኖሮ የሚከፍለው 300 ብቻ ነበር። በአንዲት ቃል ልዩነት 1,700 ዶላር ጠፋ።

ሦስተኛው «ለማን?» የሚለው ነው። በአገራችን ገበያ የተለመደ አንድ አነጋገር አለ፤ ሻጩ ለደላላው «ለእኔ ይህን ያህል አስገባልኝ፤ ከዚያ በላይ ያመጣኸው ያንተ ነው» ይለዋል። ሲሰሙት ሻጩ ከድለላ ዋጋ ነጻ የወጣ ይመስላል። ነገር ግን ሻጩ 4,000,000 ብር ብሎ ደላላው ቤቱን በ4,600,000 ብር ቢሸጠው፣ ደላላው የወሰደው 600,000 ብር፣ ማለትም ከመሸጫው ዋጋ 13 በመቶ ነው፤ በ2 በመቶ ቢዋዋል ኖሮ የሚደርሰው 92,000 ብር ነበር። ከገንዘቡም የባሰ ነገር አለ። በዚህ ዐይነቱ ውል ደላላው የሻጩ ሰው መሆኑ ይቀራል፤ ለሻጩ ዝቅተኛ ዋጋ መናገር፣ ለገዢው ከፍተኛ ዋጋ መናገር ይጠቅመዋል። ሁለቱ ተገናኝተው እንዳይነጋገሩም ይጠብቃል። በውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋና በእጅ የተሰጠው ዋጋ ከተለያዩ ደግሞ ሻጩ ባልተቀበለው ገንዘብ በግብር ሊጠየቅ ይችላል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዚህ በኩል ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በባሕር ዳር ያለ መብታቸውን ለመሸጥ ለዘመድ ወይም ለደላላ ውክልና ይልካሉ፤ የገበያውን ዋጋ የሚሰሙትም ከዚያው ሰው አንደበት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለእነርሱ ጋሻ አበጅቷል። አንቀጽ 2208 ተወካይ ለወካዩ ፍጹም ታማኝ እንዲሆን ያዝዛል፤ አንቀጽ 2209 ደግሞ ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራና ወካዩ ሳያውቅ ከሚያደርገው ውል ለራሱ ጥቅም እንዳያወጣ ይከለክለዋል። እንግዲህ ውክልና የያዘ ደላላ ወካዩ ሳያውቅ «ከላይ የመጣው የእኔ ነው» ሊል አይችልም። ይህን ግን ውክልናውን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ካልነገረው ወካዩ ከየት ያውቀዋል?

የንግድ ሕጉስ ምን ይላል? የ1952ቱ የንግድ ሕግ በአንቀጽ 56 ደላላን የሚገልጸው ሰዎችን አገናኝቶ የሽያጭ፣ የኪራይ፣ የኢንሹራንስ ወይም ሌላ ውል እንዲዋዋሉ ማድረግን ለጥቅም ሲል በገለልተኛነት ሙያው አድርጎ የያዘ ሰው መሆኑን ነበር። ያ መጽሐፍ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1243 ቢተካም፣ ትርጓሜው ያዘለው ሐሳብ ሊዘነጋ አይገባውም። ድለላ ሙያ ነው። ሙያ ከሆነ ዋጋ አለው፤ ዋጋ ካለው ደግሞ ሊነገርና ሊጻፍ ይገባል። ደላላን ሁሉ እንደ አታላይ የሚቈጥር አነጋገር ትክክል አይደለም፤ ገዢ የሚፈልግ፣ በየሰፈሩ የሚዞር፣ ሰነድ የሚያስመረምር፣ ሽያጩ ሲፈርስ ድካሙ የሚቀርበት እርሱ ነው። በግልጽ የተጻፈ ውል እርሱንም ይጠብቀዋል፤ ሻጭና ገዢ በስተ ጀርባው ተገናኝተው ዋጋውን እንዳያስቀሩበት ያደርጋል። ብዙ ደላሎች ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቁት ከዚህ ፍርሃት የተነሣ ነው። ፍርሃቱን በውል ካስወገዱለት ቅድሚያውን ለመጠየቅ ምክንያት አይኖረውም። የማስታወቂያ ወይም የመጓጓዣ ወጪ አለብኝ ቢል፣ ወጪው በደረሰኝ ይታይ፤ ጣሪያውም ይወሰን፤ ሽያጩ ሲፈጸም ከዋጋው ይቀነስ።

ስለሆነም የማኅበሩ አባላት፣ ጠበቃም ሁኑ የሒሳብ ባለሙያ ወይም የንብረት ገማች፣ የድለላ ውል በፊታችሁ ሲቀርብ አንድ ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ ልትጨምሩበት ትችላላችሁ። በእርሱም የሚተላለፈው መብት ምን እንደ ሆነ፣ ስንት ዓመት ወይም ስንት ሳምንት እንደ ቀረው፣ ያልተከፈለ ዕዳ ምን ያህል እንደ ሆነ ይጻፍ። መብቱ ሊተላለፍ የሚችል መሆኑ ከከተማው ወይም ከመዝናኛው አስተዳደር አስቀድሞ ይጣራ። ደላላው የሚሠራው ለሻጭ፣ ለገዢ ወይስ ለሁለቱም እንደ ሆነ፣ ለሁለቱም ከሆነ ከእያንዳንዱ የሚቀበለው ይገለጽ። ዋጋው ከምን ላይ እንደሚሰላ በቃል ብቻ ሳይሆን በቍጥር ምሳሌ ይቀመጥ። የሚከፈለው ዝውውሩ በተመዘገበ ጊዜ መሆኑ ይወሰን። የውሉ ዘመን፣ ለምሳሌ ሦስት ወር፣ ይቈረጥ፤ ደላላው በዚያ ጊዜ ውስጥ ያመጣው ገዢ በኋላ ቢገዛ የደላላው ዋጋ እንደማይቀርበትም ይነገር። ይህ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ «ስንት?» የሚለው ጥያቄ ይነሣ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ስለ ምን እንደሚከራከሩ ያውቃሉ፤ ክርክሩም አጭር ይሆናል።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። በጊዜ የተወሰነ መብት ከሌላው ንብረት ሁሉ ይልቅ ይህን ምክር ይሻል፤ ሻጩ በሚከራከርበት፣ በሚታለልበትና በሚያዝንበት ጊዜ ሁሉ የሚሸጠው ነገር ራሱ እየቀነሰ ይሄዳልና። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ዛሬ ቸኵሎ የሚሸጠው ሰው ብዙውን ጊዜ የዕድሜውን ቁጠባ የሚሸጥ ነው። ከዚያ ቁጠባ ውስጥ ለደላላው የሚገባው ለደላላው፣ ለመንግሥት የሚገባው ለመንግሥት፣ ለባለቤቱም የሚገባው ለባለቤቱ እንዲደርስ ማድረግ የባለሙያው ድርሻ ነው፤ ያም ድርሻ የሚፈጸመው ፊርማው ከመኖሩ በፊት እንጂ ክሱ ከተከፈተ በኋላ አይደለም።